ግንብ የበላው ኖራ

በእኛ ጊዜ መሬት ሲደክመው እናሳድረው ነበር። ሁለት ሦስት ዓመት ሣር ያበቅላል፣ ከብት ይተኛበታል፣ እና ሲያርፍ ተመልሰን እናርሰዋለን። አሁን ግን የት ያሳድሩታል? ልጅ ወለድን፣ ለልጅ አካፈልን፣ ልጅም ወለደ፣ እና መሬቷ መቀነት አከለች። ታዲያ በየዓመቱ ስናርሳት ስናርሳት፣ ያች ከልደታ ማርያም ቅጥር ሥር ያለችው ማሳዬ፣ ገብሱ ብቅ ይልና ቢጫ ይሆናል። ማዳበሪያ ብትሰጡት ቢጫ፣ ብታርሙት ቢጫ። ሦስት ዓመት ሙሉ ቢጫ! የእኔ ብቻ ብላችሁ እንዳትጽፉ ልጆቼ፣ የሰፈሩ ሁሉ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከምርምር ማዕከል አንዲት ልጅ መጣች፣ መሠረት ትባላለች፣ ቀጭን ናት፣ ዳገት ላይ ግን ማንም አይደርስባትም። ከአፈሩ ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ በላስቲክ ይዛ ሄደች፣ እና ተመልሳ መጥታ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "አባቴ፣ አፈርዎ ኮምጥጧል።" ሳቅኩባታ! "ልጄ፣ አፈር እንደ ቡሆ ይኮመጥጣል እንዴ?" አልኳት። "አዎ፣ ይኮመጥጣል። ዝናቡ ለብዙ ዘመን ሲያጥበው ደጉ ደጉ ነገር ይሄድና ኮምጣጣው ይቀራል፤ ያን ጊዜ ማዳበሪያ ቢጨምሩም ሥሩ አያገኘውም። መድኃኒቱ ኖራ ነው" አለች።

እና ማሳዬን ለሙከራ መረጠቻት። ሰፈርተኛው ተሰብስቦ እያለ፣ "ከላይ ያለው እኩሌታ ኖራ ይበላል፣ ከታች ያለው እንዲሁ ይቀራል፣ በመስከረም መጥተን እናያለን። ካማረ ለቀበሌው ሁሉ ኖራ ይመጣል፤ ካላማረ ግን ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል" አለች። ሰዉ ሁሉ እኔን አየኝ። "አያ መኳንንት፣ እንግዲህ አደራህን!" አሉኝ። ስድስት ከረጢት ኖራ ከመኪና መንገዱ በአህያ አስጭኜ ቤቴ አስገባሁ። "ከመዝራትዎ ወር ቀደም ብለው ይበትኑትና አርሰው ከአፈሩ ጋር ይቀላቅሉት" አለችኝ፣ እኔም "እሺ" አልኩ።

ታዲያ ስሙኝ፣ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ለልደታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ የቤተክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዙ ቤቴ መጡ። ባለቤቴ አንጓች ለተዝካር ወደ በየዳ፣ ዘመዶቿ ዘንድ ሄዳለች፤ እሷ ብትኖር ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር። ቄሰ ገበዙ በትራቸውን ተደግፈው፣ እንዲህ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው፣ "መኳንንት፣ ለንግሡ ከዳባትም ከደባርቅም ሰው ይመጣል፤ የማርያም ቅጥር ግንብ ጠቁሮ የማድቤት ግድግዳ መስሏል። አንተ ቤት ደግሞ ኖራ ተኝቷል ይባላል" አሉኝ። "አባ፣ የመሬት እኮ ነው" አልኳቸው። "መሬትስ የማን ናት?" አሉኝ።

ሁለት ከረጢት ሰጠሁ። በውሃ በጥብጠን ቀባነው። ታዲያ ግንቡ እኩሌታው ነጭ እኩሌታው ጥቁር ሆኖ ቡራቡሬ በሬ መሰለ። ይሄማ ነውር ነው ብዬ ሁለት ጨመርኩ። በደጁ በኩል ትንሽ ቀረ፣ እና የቀሩትንም ሁለት አመጣሁ። ስድስቱንም! ነጭ ነገር ለግንብ እንጂ ለጭቃ ምን ይሠራል፣ እያልኩ ራሴን አታለልኩት። ለንግሡ ግንቡ አበራ፣ ሰው መረቀኝ፣ እኔም ተኮፈስኩ። አንጓች ከበየዳ ተመልሳ "ኖራው የታለ?" ስትለኝ፣ "ሁለቱን ለማርያም ሰጠሁ፣ የቀረውን በተንኩት" አልኳት። ቀስ ብዬ ላውራ እንጂ፣ ስድስት መሆኑን እስከ ዛሬ አታውቅም።

ንግሡ አለፈ፣ ሳምንት ሳይሞላው ዝናብ መጣ። ምን ዝናብ! በማግስቱ ብወጣ ግንቡ እንደ ድሮው ጥቁር ሆኗል፤ ኖራው አጓት መስሎ ቁልቁል ወደ ማሳዬ ወርዷል። እኔም ዝም ብዬ አረስኩ፣ እና በሰኔ ዘራሁ። መሠረት በስልክ "በተኑት አባቴ?" ስትለኝ፣ "በትኛለሁ ልጄ፣ በትኛለሁ!" አልኳት። ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

ነሐሴ ላይ ገብሱ ያው ቢጫ ነው። ከላይም ቢጫ፣ ከታችም ቢጫ። ከግንቡ ሥር ግን፣ እንዲህ ስምንት ክንድ የሚሆነው፣ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወገቤ ደረሰ። ሰዉ "የማርያም በረከት ነው" አለ፣ ቄሰ ገበዙም "ሌላ ምን ሊሆን!" አሉ፣ እኔም አሜን አልኩ። ያ የወረደው ኖራ ትዝም አላለኝ።

መስከረም ደረሰና መሠረት ሰፈርተኛውን ይዛ ማሳው ላይ ወጣች። አንጓች ለእንግዳው ጠላ ልታሰናዳ ቤት ቀርታለች። ልጅቱ ከላይኛው እኩሌታ መሃል ቆመች፣ ገብሱን ዳበሰች፣ እና ፊቷ ጨለመ። "እዚህ አፈር ላይ ኖራው አልሠራም" አለች ቀስ ብላ፣ ደብተሯ ላይም ጻፈች። ሰፈርተኛው አንገቱን ደፋ። ዝም ብል ኖራው ወደ ሌላ ቀበሌ ሊሄድ ነው፤ ብናገር ባደባባይ ዋሾ ልባል ነው፣ በዚህ ሽበቴ! ቄሰ ገበዙን አየኋቸው፤ እሳቸው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ።

"መሠረት፣ ሰርዢው!" አልኩ።

"ምኑን አባቴ?"

"የጻፍሽውን። መሬቱ ኖራ አልቀመሰም። ግንቡ ነው የበላው።"

ያን ጊዜ ቄሰ ገበዙ በትራቸውን ጠበቅ አድርገው፣ "ለምኜ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ በእሱ ብቻ አትፍረጂ" አሉ። እሰይ የኔ አባት! እንዴት እንደወደድኳቸው!

ልጅቱ ወደ ግንቡ ሄደች፣ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው፣ ውሃው የወረደበትን በዓይኗ ተከተለች፣ እና እዚያ አረንጓዴው ውስጥ ተንበረከከች። አፈር ዘግና በብልቃጥ ውሃ በጠበጠች፣ ኮምጣጣውን የሚለይ ትንሽ ወረቀት ነክራ አየች፤ ወደ ቢጫውም ሄዳ እንዲሁ አደረገች። ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ሳቀች! መሬት ላይ እስክትቀመጥ ሳቀች። "አባቴ፣ ይሄ እኮ የተቃጠለ ኖራ አይደለም፣ እንዲሁ የተፈጨ ድንጋይ ነው፤ ግንብ ላይ አይዝም። ታጥቦ ማሳዎ ላይ ወረደልዎት። እዚህ ጋ አፈሩን ኮምጣጣው ለቆታል!" አለችኝ። እና ደብተሯን አውጥታ የጻፈችውን ሁለቴ ሰረዘችው። "ይቺ ጥግ ግን ሙከራ አትባልም። በሚመጣው ዓመት እንደገና እንጀምራለን፤ ሲበተን እኔ ራሴ ቆሜ አያለሁ!"

እፎይ! ልጆቼ፣ ያን ቀን ከትከሻዬ ስድስት ከረጢት ወረደልኝ። በዓመቱ እሷ ቆማ እኛ በተንን፣ ፍግም ጨመርንበት፣ እና ከላይ አረንጓዴ ከታች ቢጫ፣ ማንም የሚለየው ሆነ። ኖራውም ለቀበሌው ሁሉ መጣ። አሁን ወርዳችሁ ገብሱን እዩት፣ የሰፈሩን ሁሉ እዩት። ቄሰ ገበዙም ለግንቡ የግንብ ኖራ አስመጥተው ተቀባ፣ ይኸው ዝናብ አልነካውም። እና የምላችሁ፣ "በትኛለሁ" ብዬ የከረምኩባቸው ወራት ከቢጫው ገብስ ይከፉብኝ ነበር። አሁንማ የደበቅኩት ነገር የለኝም፣ ተገላግያለሁ።

(ወይዘሮ አንጓች ከበሩ ላይ ቆመው ሲሰሙ ኖሯል።) "አንተ ሰውዬ፣ ስድስቱን ባዶ ከረጢት ከቤተክርስቲያን ደጅ ለቅሜ ያጠብኩት እኔ አይደለሁም? መንደሩን ሁሉ ነግረህ ለእኔ ግን እስከ ዛሬ 'ሁለት ነው' እንዳልክ አለህ። መቼ ይናገር ይሆን ስል ይኸው ስንት ክረምት አለፈ!"

ውይ! ሰማሽኝ? ... ሃ ሃ ሃ! በሉ ጻፉ እንግዲህ ልጆች፣ ስድስት ብላችሁ ጻፉ። ገና አሁን ተገላገልኩ!