ያልመለሰ ቱቦ አይቀበርም

የምስክሯ መጠሪያ፦ እትዬ ቁልፍ (በሥራ ቦታ የምትታወቅበት)
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የመንገድ ሥራ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ
አድራሻ፦ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር ያለው ግቢ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ጎርፉ በደረሰ በሦስተኛው ቀን፣ ከጠዋቱ 3፡30
ጉዳዩ፦ ፎርማኑ «ጋሽ ደወል» ሆን ብለው የቱቦ ቦይ ሳያስደፍኑ በመተው ጉዳት አድርሰዋል መባሉ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ ያየሁትንና የማውቀውን እንደሚከተለው እገልጻለሁ። ሰኞ ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ገደማ ዝናቡ ሲበረታ በግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ፊት ለፊቴ መንገዱን በሚያቋርጠው ቦይ ውስጥ፣ ቅዳሜ ተዘርግተው አፈር ያልተመለሰባቸው አምስት ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦዎች ነበሩ። ቦዩ በውሃ ሲሞላ ቱቦዎቹ ከእንቅልፍ የነቁ ይመስል አንድ በአንድ ቀና አሉ። ድምፅ አልነበራቸውም። ከመጋጠሚያቸው ተላቀው፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ በመንገዱ መሐል ቁልቁል ሄዱ። ሰዎች ከየበራቸው ወጥተው ያዩ ነበር፤ የሚጮህ አልነበረም። እኔም ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው ትዝ ያለኝ አንደኛው ቱቦ በእግረኛ ድልድዩ ሥር ተወትፎ ውሃው ወደ ልብስ ሰፊው ሱቅ ሲዞር ነው። ሰፊው የስፌት መኪናውን አቅፎ ጠረጴዛ ላይ ወጣ። የሰፋቸው ነጭ ቀሚሶች በበሩ ወጥተው ቱቦዎቹን ተከትለው ሄዱ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም።

በዚያው ቦታ ቀድሞ የነበረው የብረት ቱቦ ተቆፍሮ ሲወጣ፣ ከሳሙና ፋብሪካው በሚመጣው ውሃ ሆዱ ተበልቶ ወንፊት ሆኖ ነበር። ስለሆነም የሥራው መሐንዲስ ዝገት የማያውቀው ፕላስቲክ እንዲገባ ወሰነች። ልክ ነበረች። ጋሽ ደወል ግን ወፍራም ብረት ይግባ ብለው ተከራከሩ። «ብረት ይናገራል፤ ይሄ ዲዳ ነው» አሏት። እሷም «ጋሼ፣ ውሃ ያሳልፍልን እንጂ ወሬ ያቀብለን አላልንም» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ይህ ክርክር ነው አሁን ቂም ተብሎ ያሳሰራቸው።

ጋሽ ደወል ይህን ስም ያገኙት በአሠራራቸው ነው። ቱቦ ተጋጥሞ ከመቀበሩ በፊት እኔ በአንደኛው ጫፍ በመዶሻ ሦስት ጊዜ እመታለሁ፤ እሳቸው በሌላው ጫፍ ሆነው ሦስት ጊዜ ይመልሳሉ። አፈር የሚመለሰው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። መጋጠሚያው ካልያዘ ምቱ መንገድ ላይ ይቀራል ይሉ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ስንመላለስ ኖረናል፤ ከባሌ ጋር እንኳ ያን ያህል ተነጋግሬ አላውቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ግምጃ ቤት ውስጥ ቁልፎቼ በሙሉ ከጀርባቸው ወለሉ ላይ ሲወድቁ ዞር አላሉም። ጠራኋቸው፤ ዞር አላሉም። ፊት ለፊታቸው ስቆም ከንፈሬን አዩና ነገሩ እንደገባኝ ገባቸው። «አንቺ ቁልፍ፣ ይህችን ነገር ቆልፊያት። ጆሮ የሌለውን ደወል ማን ይቀጥራል?» አሉኝ። ቱቦውን የሚሰሙት በመዳፋቸው እንደነበረ ያን ቀን ተረዳሁ። ብረት ሲመታ ከዳር እስከ ዳር እጅ ላይ ይነዝራል። የሆዴን በሆዴ ይዤ ቆየሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእኔ ግን ነቀዘ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 5፡00 ሰዓት እንደ ልማዳችን መታሁ። ፕላስቲኩ ድብ የሚል ድምፅ ሰጠ እንጂ አልነዘረም። ደግሜ መታሁ። አፌን ወደ ቱቦው አስጠግቼ «ጋሼ!» አልኩ። ድምፄ ሠላሳ ሜትር ሄዶ፣ ወዲያ ማዶ የቆሙት ሠራተኞች «አቤት!» እያሉ ሲስቁ ሰማሁ። እሳቸው ግን ተንበርክከው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ መዳፋቸውን ቱቦው ላይ አሳርፈው ይጠብቁ ነበር። ብዙ ጠበቁ። ከዚያም «አልመለሰም። ያልመለሰ ቱቦ አይቀበርም፤ ማክሰኞ መሐንዲሷ ስትመጣ ተፈትቶ ይታያል» አሉ። ይህን ሲሉ እኔ በቱቦው ውስጥ ጥርት ብሎ ሰማሁት። ሠራተኞቹ ግትርነት መሰላቸው።

ያን ጊዜ መንገዱን ተሻግሬ፣ ፊት ለፊታቸው ቆሜ «መልሷል» ብላቸው ኖሮ ያምኑኝ ነበር። በሠራተኞቹ ፊት ላሳፍራቸው ስላልፈለግሁ መዶሻዬን ይዤ ወደ ግምጃ ቤቴ ገባሁ። ሠላሳ ሜትር ነበር። ጥፋት ካለ ያ ነው፤ የእኔ ነው፤ በጣም ይቆጨኛል።

ዛሬ ጠዋት ቃሌን የሚቀበሉኝ ሳጅን በጣቢያው ኮሪደር ሦስት ጊዜ ሲጠሯቸው ጋሽ ደወል ዝም ማለታቸው «ንቀት» ተብሎ መመዝገቡን ሰምቻለሁ። ንቀት አይደለም። ሳጅኑ ካላመኑኝ፣ የማረፊያ ክፍሉ በር ብረት ነው፤ የጋሽ ደወል መዳፍ ደግሞ ብረት ባለበት አርፎ አይቀመጥም። ምስጢራቸውን የተናገርኩት ሳይፈቅዱልኝ መሆኑም አብሮ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልሆነ አልጨመርኩም፣ የሆነውንም ከእንግዲህ አልደብቅም ስል በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ከጠዋቱ 5፡10 ሰዓት ምስክሯ ባለችበት ከማረፊያ ክፍሉ በር ውጭ ሆኜ ተጠርጣሪውን በስማቸው ጮክ ብዬ ጠራሁ። መልስ አልተገኘም። ምስክሯ በያዘችው ቁልፍ በሩን ሦስት ጊዜ መታች። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተመለሰ።

የመርማሪው ፊርማ፦ (ተፈርሟል)