ዩለስ ድረስ ሄጄ ያልገዛሁት ማኒፎልድ

ቱርቦ ላስገጠምኩላት መኪናዬ፣ አየር ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለውን ኢንቴክ ማኒፎልድ ልቀይር ብዬ ኦንላይን አንድ አገኘሁ። ከማብረቅረቁ የተነሳ መስታወት ነው የሚመስለው። ከምኖርበት ከግራንድ ፕሬሪ ከተማ ዩለስ ድረስ ነድቼ ስደርስ ሻጯ እዚሁ ውጭ አገር ያደገች ሐበሻ ልጅ ናት።

"ለግድግዳ ጌጥ ነው ለመኪና?" አለችኝ።

"ለመኪና ነዋ። በየቀኑ ኤርፖርት ሥራ የምሄድባት።"

ጋራዥ ገብታ ጫፉ የቀለጠ ፒስተን አመጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። "ይሄ ከኔ መኪና የወጣ ነው። ማኒፎልዱ አየሩን እኩል ሼር አያደርግም። ሶ፣ አንዱ ሲሊንደር አየር በዛበት፣ ከልክ በላይ ጋለ፣ ፒስተኑ ቀለጠ። ለጌጥ ከሆነ ውሰድ፤ ለመኪና አልሸጥልህም።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ከዚያ ፒስተኑን ለምኜ ወስጄ ዳሽቦርዴ ላይ አስቀመጥኩት። ባየሁት ቁጥር እመርቃታለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ብሆን ዝም ብዬ እሸጠው ነበር።