የፊት ጎማው ቁልፍ

ወደ ዲማ የምትሄደው ፒክአፕ ጭቃ ይዟት ቆመች። ልጄን አቅፌ በሾፌሩና ጭኑ ላይ ሣጥን በያዘ አንድ ነርስ መካከል ተቀምጫለሁ።

«ፎር ዊል የላትም?» አለ ነርሱ።

«አስገብቻለሁ።»

«ታዲያ የኋላው ብቻ ለምን ይሽከረከራል?»

«የፊቱ ቁልፍ ጎማው ላይ ነው። ወርዶ በእጅ ማዞር ይጠይቃል።»

«እና?»

«ጫማዬን ዛሬ ነው ያስጠረግሁት።»

«ገባኝ። ክልል ስለሆንን የፊት ጎማዎቹም ራሳቸውን ያስተዳድሩ ብለህ ነው።»

«ዝናቡ እስኪያባራ ምናለ ብንታገሥ?»

«የሣጥኑ በረዶ አይታገሥማ! ከቀለጠ የሕፃናቱ ክትባት ይበላሻል።»

«እንግዲያው አንተ ውረድ።»

«እሺ፣ ጌታዬ። እህቴ፣ ሣጥኑን ያዢልኝ።»

ነርሱ ባዶ እግሩን ወርዶ ሁለቱንም የጎማ ቁልፎች አዙሮ ተመለሰ።

«አየህ? መኪናዬ ምንም አላመማትም» አለ ሾፌሩ።

«አዎ፣ የታመመው ጫማህ ነው።»

የፊት ጎማዎቹ መሬት ቆንጥጠው ሲያወጡን፣ የክትባቱን ሣጥን ከልጄ ጋር እንዳቀፍሁ በልቤ ተመስገን አልሁ።