ወይራው ተናግሮ ነበር

ጥር ሰባት ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። የሥላሴ በዓል ስለሆነ በሰቆጣ ዙሪያ ከተራራው ሥር የውኃ መተላለፊያ ዋሻ የሚቆፍሩት ሰዎች ሥራ አቁመዋል። አያ ገብረ ጻድቅ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እግራቸው ሳያማክራቸው ወደዚያው ወሰዳቸው። ጉም ከሸለቆው ተነሥቶ የዋሻውን አፍ ሞልቶታል፤ ከውስጥ የውኃ ጠብታ ይሰማል። የዛሬ ሦስት ዓመት መልሰው የሚባለው ልጃቸው እዚያ ውስጥ ዓለት ተንዶበት ሞቷል። አሁን ደግሞ ታናሹ አንዷለም ካልገባሁ እያለ አስቸግሯቸዋል፤ እሳቸውም እኔ ቆሜ አይሆንም ብለዋል።

ከጉሙ ውስጥ ሄልሜት ያጠለቀች ሴት ብቅ አለች። ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣችው መሐንዲስ ዓይናዲስ ነበረች።

«በሥላሴ ቀን ሥራ? በእናንተ አገር በዓል የለም?» አሏት።

«አልሠራሁም አያ ገብረ ጻድቅ፤ እያየሁ ነው። ዓለቱ እንደሆነ በዓል አያከብርም።»

ሽማግሌው ሳይወዱ ፈገግ አሉ። «እኔ የምፈራው ግድግዳው ላይ የምታስረጪውን የኮንክሪት ልስን ነው። አባቶቻችን ጣሪያውን በወይራ ይደግፉ ነበር። ወይራ ሳይናገር አይሰበርም፤ ሲንቋቋ ሰምተሽ ትወጫለሽ። ኮንክሪት ግን ዲዳ ነው። ደሞስ በግማሽ ስንዝር ልስን ተራራ ልትሸከሚ ነው?»

«ተራራውን የሚሸከመው ራሱ ተራራው ነው» አለች ረጋ ብላ። «እኛ የምንይዘው መጀመሪያ የምትለቀዋን ድንጋይ ነው። እሷ ከወረደች ጎረቤቷ መደገፊያ ታጣለች፤ ከዚያ ሁሉም ይከተላል። እንጨት ዓለቱን የሚነካው እዚህም እዚያም ብቻ ነው። ኮንክሪቱን ግን በአየር ግፊት ስንረጨው ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ይይዛል፤ በተቆፈረበት ቀን ስለሚረጭም ዓለቱ ለመላላት ጊዜ አያገኝም። ጎታ ሲሠራ ጭቃው ውስጥ ጭድ ይገባ የለ? እኛም እንዳይሰነጠቅ ቀጫጭን የብረት ክር እናስገባበታለን።»

«ጭዱስ ይሁን» አሉ። «ድምፁስ?»

ዓይናዲስ ጥቂት አመነታች። «አይቀየሙኝና አያ፣ መልሰው የሞተ ዕለት ወይራው አልተናገረም?»

አያ ገብረ ጻድቅ ወደ ዋሻው አፍ ዞሩ። ጉሙ በመካከላቸው ያልፋል።

«ተናግሯል። ደጅ ሆኜ ሰምቻለሁ። ‹ውጣ!› ብዬ ጮኽሁ። ‹መጣሁ› አለኝ።»

«ምን ያህል ውስጥ ነበር?»

«አርባ እርምጃ።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ወይራውስ ነግሮታል። ያልደረሰው እግሩ ነው።»

ሦስት ዓመት ሙሉ ጮክ ብለው ያላሉት ይህንን ነበር። ማስጠንቀቅና ማዳን አንድ አይደሉም፤ ሰው ግን የለመደውን ጠባቂ መውቀስ ይከብደዋል።

ዓይናዲስ ትርፍ ሄልሜት አልብሳ፣ ትንሽ መዶሻ አስይዛ ይዛቸው ገባች። «ኮንክሪትም ዲዳ አይደለም፤ ጠያቂ ይፈልጋል እንጂ። ይምቱት።»

ግራጫው ግድግዳ በባትሪዋ ብርሃን የረጋ ደመና መሰለ። አያ ገብረ ጻድቅ እንደ ሕልመኛ እየተራመዱ መቱ። ድምፁ ድፍን ነበር። መቱ፤ ድፍን ነበር። አርባኛው እርምጃ ላይ ግን እንደ ባዶ ቅል አስተጋባ።

«እዚህ ጋ አልያዘም» አሉ። «ጀርባው ውኃ ነው። ክረምት ክረምት በዚህ በኩል እንደሚያፈስ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

የልጅቱ ፊት ተለወጠ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ውኃውን በቱቦ ሳላስወጣ አስረጨሁ፤ እናንተንም አልጠየቅሁም። ነገ ይፈርሳል፤ ቱቦ ገብቶለት እንደገና ይረጫል።»

ትከራከረኛለች ብለው ጠብቀው ነበር። ያመኑት ያኔ ነው።

«አንዷለም ይግባ» አሉ። «መዶሻውን ግን የምይዘው እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ ለዋሻው ወይራ አልተቆረጠም፤ ከቆፋሪዎቹም አንድም ሰው አልተጎዳም። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዋሻው ተራራውን በስቶ ወጣ፤ ውኃውም ወደ ማሽላው ማሳ ወረደ። አያ ገብረ ጻድቅ በሁለተኛው ዓመት መስከረም ላይ ዐረፉ። መዶሻው ዋሻው አፍ ላይ ተሰቅሏል፤ ጠዋት ውኃውን ሊቆጣጠር ቀድሞ የሚገባው ሰው አውርዶ ግድግዳውን እየመታ ያልፋል።