ወንፈሉን ሳይጠራ የሄደው ያረጋል

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ እናቶቻችን፣ አባቶቻችን፣ ከቡሬም ከጅጋም ከፈረስ ቤትም ሥራችሁን ጥላችሁ የደረሳችሁልን ወገኖች፣ እግዚአብሔር ሁላችንንም ያጽናን። ወንዳወቅ እባላለሁ። ለፍኖተ ሰላም ከተማ ስንጫወት ያረጋል የግራ ክንፍ፣ እኔ ግብ ጠባቂ ነበርሁ። ግብ ጠባቂ ሲጮህ የሚውል ሰው ነው፤ ተናገር ያላችሁኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ታገሡኝ።

ቡሬ ላይ የተጫወትነውን ያን የዝናብ ጨዋታ የምታስታውሱ አላችሁ? ሜዳው ጭቃ፣ ሰዉ በጃንጥላ ሥር። እኩል ነን፤ ጨዋታው ሊያልቅ ነው። ያረጋል በግራ በኩል ብቻውን ቆሟል። አጠገቡ አንድ ተከላካይ የለም። እኔ ከጎሌ ሆኜ አየዋለሁ። አይጣራም። እጁን አያነሣም። አጥቂያችን አለበል ኳሷን ይዞ ሦስት ሰው መሀል ገባና ተነጠቀ። ፊሽካ ተነፋና አቻ ወጣን።

አሠልጣኛችን ተናደደ። "አንተ! አፍ የለህም? ምነው ኳሱን አልጠራህ?" ብሎ ጮኸበት። ያረጋል ጎንበስ ብሎ የጫማውን ጭቃ እየፋቀ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ካዩኝ ይሰጡኛል ብዬ ነው።" በሳቅ ሞትን። ከዚያ ወዲያ ስሙ "ካዩኝ" ሆኖ ቀረ። አለበል፣ እዚያ ቆመህ ታለቅሳለህ፤ ስሙን ያወጣህለት አንተ አይደለህ?

ጉልበቱን ሲጎዳ ኳሱን ተወ። ድንጋይ ተሸከመ፣ ግንበኛ ሆነ፣ ኋላም የራሱ ሠራተኞችና የራሱ አይሱዙ ያለው ቤት ሠሪ ነጋዴ ሆነ። ነጋዴ ነው አልን እንጂ፣ እንዲህ ያለ ነጋዴ የት አይታችኋል?

እማማ አስካለ ማርያም እዚህ አሉ። ጅጋ ላይ ነፋስ ጣሪያቸውን ገልቦ ሜዳ ላይ ሲያስቀራቸው ያረጋል ሠራተኞቹን ጭኖ ደረሰ። "ልጄ፣ የምከፍልህ የለኝም" አሉት። "ማን ክፈሉኝ አለ? ወንፈል ነው እማማ። የኔ ቤት ሲደርስ እጠራዎታለሁ፤ ጠላዎን ጠምቀው ይመጣሉ" አላቸው። ቆርቆሮውን መትቶ፣ ውኃ ጠጥቶ ሄደ።

እንዲህ በወንፈል የሠራላችሁ እጃችሁን አንሡ ብል ስንት እጅ ይነሣል? ተዉት፣ አታንሡ። የኔን ኩሽና ማን ሠራውና።

የወንፈልን ወግ ታውቁታላችሁ። ባለ ቤቱ ይጠራል፣ የተጠራው ይሄዳል። ሳይጠሩት መሄድ ባለ ቤቱን ቸግሮታል ብሎ ማዋረድ ነው። እኛም ወጋችንን ጠብቀን ተቀመጥን። ጠብቀን ጠብቀን፣ ይኸው የጠራን ለቀብሩ ነው።

የሱ ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ቆሟል። ግድግዳው አልቋል፣ ክዳን የለውም። ለራሱ ቆርቆሮ በገዛ ቁጥር ዝናብ የደረሰበት ሌላ ሰው ይመጣል፤ ቆርቆሮውም ወደዚያው ይሄዳል። ሁለት ክረምት ዘነበበት። ማን አላየውም? ሁላችንም በየቀኑ በዚያ እናልፋለን። አይተን ምን አልን? "የቤት ሠሪው ቤት ኮርኒሱ ሰማይ ነው" ብለን ቀለድን። "ባለ አይሱዙ ምን ይጎድለዋል" አልን። ባለቤቱ ሥርጉት ግን ሰዎቹን ጥራቸው እያለች ትጨቀጭቀው ነበር። ምን እንደሚላት ዛሬ በለቅሶው መሀል ነገረችኝ። "በደጄ ነው የሚያልፉት፤ ካዩኝ ይመጣሉ።"

ወይ ያረጋል! እዚያም እጅህን አላነሣህም?

ሕመሙንም እንዲሁ አደረገው። ጎኑን ደግፎ ጣሪያ ላይ ሲወጣ ሠራተኞቹ አይተውታል። "ምን ሆነሃል?" ሲሉት "ደህና ነኝ፣ ማገሩን አቀብሉኝ" ይላል። ሥርጉት ጎትታ ሐኪም ቤት ስታስገባው በሽታው ቀድሟት ነበር።

ዛሬ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ እማማ አስካለ ማርያም የኮቴን እጅጌ ያዙና እንዲህ አሉኝ፦ "ገበያ ባገኘሁት ቁጥር 'መቼ ነው የምትጠራኝሳ?' እለዋለሁ። 'ይደርሳል እማማ' ይለኛል። ጌሾውን እንደያዝሁ ቀረሁ። እንግዲህ ለማን ልጥመቀው?" እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር?

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ሠልስቱ ባለፈ ማግስት ጠዋት እኔ እዚያ ግድግዳ ሥር ነኝ። መዶሻ ያለው መዶሻውን፣ እንጨት ያለው እንጨቱን ይዞ ይምጣ። ጠሪ አይላክባችሁም። ሳይጠሩን መሄድ ነውር ነው የሚል ካለ ነውሩ በኔ ይሁን። እማማ፣ ጠላውን ይጥመቁት። ሥርጉት እህቴ፣ ክረምቱ ሳይገባ ቤትሽ ይከደናል።

ግን አንሸነጋገል። ቤቱን ከደንነው ብለን ደረታችንን የምንነፋበት ነገር አይደለም። የሠራው ሰው አንድ ቀን እንኳ አያድርበትም። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ አምና ወጉን ጥሶ መሰላል ይዞ ቢሄድ ኖሮ ያረጋል በገዛ ቤቱ ታሞ፣ በገዛ ቤቱ ይሞት ነበር። በሰው ቤት በኪራይ ሞተ። ይህ እኔን እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ ያንገበግበኛል።

ያረጋል፣ ወንድሜ። አይተንህ ነበር እኮ። ብቻህን ቆመህ እያየንህ ኳሱን ሳንሰጥህ ጨዋታው አለቀ። ይቅር በለን። በል ሂድ፤ ማርያም በመንገድህ ትቅደም። የምትሄድበት ጌታ ሳይጠሩት የሚያይ ነው። እዚያ እጅህን ማንሣት አያስፈልግህም።