በሜትር የተለካ ዕድሜ

«እማሆይ፣ ውሃው ዛሬ እንዴት ጸጥ ብሏል! እንደ አምናው ቢሆን እስካሁን አንጀታችንን አውጥቶት ነበር። ኪዳነ ምሕረት ለበዓሏ ብላ ነው እንጂ… ብርዱስ አልገባዎትም? ኧረ ነጠላዎን ጠቅለል ያድርጓት።»

ባንቺአየሁ ይህን ያለችው ጮክ ብላ ነው፤ እንዲያውም ጮኻ። የካቲት ዐሥራ ስድስት ጧት ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የምትሄደው የሞተር ጀልባ ከአፍ እስከ ገደፏ ሰው ሞልቶባታል። እማሆይ ወለተ ጊዮርጊስ አሮጊት ናቸውና ጆሯቸው ደክሞ ይሆናል ብሎ ያሰበ አይጠፋም። ውሸት! እማሆይ ዓሣ ውሃ ውስጥ ሲያዛጋ የሚሰሙ ሴት ናቸው። የባንቺአየሁ ድምፅ መድረሻው ሌላ ነበር፤ ከእማሆይ ትከሻ አልፎ፣ ከኋላው አግዳሚ ጫፍ ላይ ግራጫ ባርኔጣቸውን እስከ ቅንድባቸው ያወረዱት ሰውዬ ዘንድ። የኒህን ሰው ስም እሷም አልጠራችው፣ እኔም አልጠራውም። የሰፈሩ ክሊኒክ ኃላፊ ናቸው ብል ግን ስም ጠራህ የሚለኝ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሏ ዳኘው የፋብሪካ መካኒክ ነው። የጉበት ነቀርሳ ይዞት፣ በሠራተኛ ማኅበሩ ደጅ ጥናት ምሥራቅ ጀርመን ድረስ ተልኮ፣ ጨረር ታክሞ ከተመለሰ ዓመት ከስድስት ወር ሆነው። አሁን ጀርመኖቹ «ይምጣና ጉበቱን እንየው» ብለዋል። ለመሄድ የክሊኒኩ ፊርማና ማህተም ያስፈልገዋል፤ ሰውዬው ደግሞ «ለማይድን ሰው የአውሮፕላን ወንበር አይያዝም» ብለው ሁለት ወር ሙሉ ነገ ነይ ሲሏት ከረሙ። አውሮፕላኑ ማክሰኞ ነው። ብትሳደብ ወረቀቱ ይቀራል፤ ዝም ብትል ባሏ። ስለዚህ ለእማሆይ ወሬ ታወራለች።

«ዳኘውን አዩልኝ? ያውና፣ ሽምብራ ይቆረጥማል። ከሰፈራችን ከሹም አቦ እስከ ወደቡ ቆረጠመ፣ አሁንም ይቆረጥማል። ኧረ ለጥርስህ እዘን ብለው ‹እዚያኛው ዓለም ሽምብራ ይኑር አይኑር ማን ያውቃል› ይለኛል። የስለቱን ጥላ እንዲያ ታቅፎ ሲቀመጥ ሙሽራ አይመስልም? ከስቷል፣ አዎ። ዓይኑም እንደ ድሮው አልጠራም። ግን አለ! ኪዳነ ምሕረት ትመስገን፣ ሐኪሞቹም ይመስገኑ፣ ደግሞ አንድ ሰው አሉ… እሳቸውም ይመስገኑ እንጂ!»

እዚህ ላይ ባርኔጣው በአንድ ጣት ያህል ዝቅ አለ።

«የኔ እመቤት፣ እንደኒያ ያለ አዋቂ አይተው ያውቃሉ? እኔ አላየሁም። ዳኘው ከጀርመን የመጣ ሰሞን፣ በነሐሴ ዝናብ፣ ሳይጠሩ መጡልን። ሳይጠሩ! በዚህ ዘመን ሳይጠራ ቤትዎ የሚመጣ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው… ተዉት ብቻ። ዳኘው ጀርመኖቹን በአስተርጓሚ ‹ስንት ጊዜ እኖራለሁ?› ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ምን ያሉት ይመስልዎታል? ‹ይህን ማወቅ ይከብዳል፤ ጉበትህ ጨረሩን እንዴት እንደተቀበለው እያየን እንነግርሃለን።› እንግዲህ ይታይዎት! ያን ሁሉ መኪና ተክለው፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ አንብበው፣ አናውቅም! ምን ዓይነት ስንፍና ነው? የኛ ሰው ግን የልብስ ሰፊ ሜትር አወጡ። የዳኘውን ሆድ ዙሪያውን ለኩ። ሚዛን ላይ አቆሙት። የዓይኑን ቆብ ገልበጥ አድርገው አዩ፣ ምላስህን አውጣ አሉት። ከዚያ ደብተራቸው ላይ ደመሩ፣ ቀነሱ፤ አንድ ጊዜማ ያካፈሉም መሰለኝ። ‹ሦስት ወር። ከኅዳር ሚካኤል አያልፍም› አሉ። እንዲህ ነው እንጂ መማር! እግዜር ራሱ እንዲህ ቀን ቆርጦ ለሰው ተናግሮ ያውቃል? ኧረ እኔስ እግዜርን ታዘብሁት።»

እማሆይ መቁጠሪያቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። እየጸለዩ ይሁን ሳቃቸውን እያፈኑ እንጃ።

«ትጋታቸውን ደግሞ ልንገርዎት። በሳምንቱ ያችኑ ሜትር ይዘው መጡ። ሆዱን ሊለኩት ነው ብዬ ሸሚዙን ገለጥሁላቸው። ‹አይ፣ ዛሬስ ለእሱ አይደለም› ብለው ሳሎናችንን ለኩ! ከግድግዳ እስከ ግድግዳ። መኝታ ቤቱንም፣ የመስኮቱን ስፋትም። ቤቱ የቀበሌ ነው አይደል? ለአንዲት መበለት ሦስት ክፍል ምን ይሠራላታል፣ ባዶ ቤት ትዝታው ይጎዳታል ብለው ለኔ ተጨንቀው እኮ ነው። ሌላ ክፉ ሰው እንዳይገባበትም፣ ራሳቸው ቀድመው ተመዘገቡ። በሞቴ፣ ለጎረቤቱ እንዲህ የሚያስብ ሰው አሁን የት ይገኛል?

«ጥቅምት ላይ ደግሞ ጽሑፍ ይዘው ብቅ አሉ። የዳኘው የሕይወት ታሪክ! ቀብሩ ላይ የሚነበበውን አስቀድመው ጽፈውት። ‹ታታሪው ጓዳችን› ይላል፤ አቤት አማርኛ! የተወለደበትን ዘመን ስላላወቁት ሊጠይቁ ነው የመጡት። እኔን መስሎዎት? ራሱን ዳኘውን! እሱም ትራሱን ደገፍ ብሎ አረመላቸው። ይፋግ መወለዱን ቆላ ድባ ብለው ኖሮ አስተካከለ። ‹ግሩም ነው፣ እስቲ ከላይ ጀምረው ያንብቡልኝ› አላቸው፤ አነበቡለት። ‹ምነው እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ አላለኝ› ብሎ ደስ አለው። እኔ እንኳ ጓዳ ገባሁ… ሥራ ነበረብኝ።»

ጀልባው በሳቅ ተናወጠ፤ ከፊት የተቀመጡት ቄስ እንኳ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። ባንቺአየሁ ግን አልሳቀችም። ያን ቀን ጓዳ ገብታ፣ ድምፅዋ እንዳይሰማ ነጠላዋን ነክሳ ነው ያለቀሰችው። ያን ሰሞን ዳኘው ባሸለበ ቁጥር እጇን አፍንጫው ሥር አድርጋ ትንፋሹን ትፈትሽ ነበር። ያን ቀን የጠላችውን ያህል ሰው ጠልታ አታውቅም።

«ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። እሳቸው ጥቁር ከረባት አስረው በጧቱ በራችን ላይ ቆሙ። የከፈተላቸው ማን ነው? ዳኘው! ‹ምነው፣ ማን ሞተ?› አላቸው። ወይ ጉድ! እኔ በባሌ አፈርሁ። ሰው ለፍቶ ደምሮ፣ ቀንሶ… ትንሽ ይሉኝታ አያውቅም? እሳቸው ግን ትልቅ ሰው ናቸውና አልተቆጡም። ‹ሒሳቡ ልክ ነው፤ ስሕተቱ የበሽተኛው ነው› ብለው ሄዱ። ይኸው ሌላ ኅዳር ሚካኤል መጥቶ አለፈ፣ በሽተኛው አልታረመም።

«አንድ ነገር ብቻ ያሳዝነኛል እማሆይ። ወረቀቴን ያልፈረሙት ቤቱን ፈልገው ነው የሚል ሰው አለ። አፉን ይያዘው! እሳቸው ማህተሙን ሌላ ሰው እንዳይነካባቸው በመሐረብ ቋጥረው በኮት ኪሳቸው ይዘው የሚዞሩ ሰው ናቸው። ገበያም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን… ጀልባም ላይ ቢሆን። እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ይከለክላል? ረስተውት ነው። ደክሟቸዋል እኮ! ሰሞኑን ፊታቸው ቢጫ ቢጫ ይላል፣ አላስተዋሉም? ሆዳቸውም ገፋ ገፋ ብሏል… እንዲያው ሜትር የያዘ ሰው ቢገኝ፣ አንድ ጊዜ ቢለካቸው ምን ነበረበት?»

የሰውዬው እጅ ሳያስቡት ሆዳቸው ላይ ሄደ። ቀና ሲሉ የጀልባው ሰው ሁሉ ሆድ ሆዳቸውን ያያል። አንዷ ሴትዮማ ከንፈሯን መጠጠችላቸው። እጃቸው ከሆዳቸው ወደ ኮት ኪሳቸው ገባና ያቺን መሐረብ ይዞ ወጣ። ሌላኛውን እጃቸውን ዘረጉ።

ባንቺአየሁ ወረቀቱን ከጉያዋ አውጥታ ለእማሆይ ሰጠች፤ እማሆይ ለቄሱ፣ ቄሱ ለሌላው፤ እንዲህ እጅ በእጅ ሄዶ ግራጫው ባርኔጣ ዘንድ ደረሰ። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፈረሙ። ማህተሙን እፍ እፍ ብለው መቱበት። ወረቀቱ በሄደበት መንገድ ተመለሰ። ባንቺአየሁ አገላብጣ አየችው፤ ስሙም ቀኑም ደህና ነው። አጥፋ ጉያዋ ከተተችው። ዳኘው ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሽምብራውን መቆርጠም ትቶ ያያት ነበር። የዘጌ ጫካ ቀርቧል።

«አላልሁዎትም እማሆይ? ረስተውት ነው አላልሁም? ወርቅ የሆኑ ሰው! እንግዲህ እኔ ከምርቃት በቀር ምን አለኝ? ጥላውን ሳስገባ ስማቸውን አንስቼ እለምናለሁ። ቤታቸው ሙሉ ይሁን፤ ልጅ የልጅ ልጅ ይሳሙ፤ ለዳኘው ለክተው የሰጡትን ያንን ዕድሜ፣ ኪዳነ ምሕረት እጥፍ አድርጋ ለራሳቸው ትስጥልኝ! አሜን በሉ እንጂ!»

ጀልባው ሙሉ አሜን አለ። ከሁሉ ቀድመው፣ ባርኔጣቸውንም አውልቀው አሜን ያሉት እሳቸው ናቸው። ወራቱን በጣታቸው መቁጠር የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ስድስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ጀልባዋ ወደቡን ነካች።