የመገበሪያው ስንዴ እና የወይዘሮ እታለም አጥንት

ባለፈው ሰኔ ከአሶሳ ገበያ ወደ መንደራችን ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ገና ከከተማው ሳንወጣ ጎማዋ ተነፈሰ። ሾፌሩ ዋሊድ ክሪክ ሊዋስ ሲሄድ እኛ ሦስት ሴቶች ማንጎ ጥላ ሥር ተቀመጥን። አንዷ እኔ ነኝ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ፣ ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሰው። ሁለተኛዋ በልጅነታቸው በሰፈራ ከወሎ የመጡት ጎረቤቴ ወይዘሮ እታለም ናቸው። ቀኝ እጃቸው በጄሶ ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛዋ የእህታቸው ልጅ ቤዚ ናት፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነች፤ አክስቷን ከሐኪም እየመለሰች ነበር።

“ምነው ወይዘሮ እታለም፣ እጅዎን ምን ነካብኝ?” አልኩ።

“ኧረ ተይኝ እቴ! የመገበሪያውን ስንዴ ልፈጭ መጁን ሳነሣ አንሸራተተኝና በእጄ ተመረኮዝኩ። ቀጭ አለ። ውድቀት እንኳ አይባልም።”

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነውን ስንዴ በእኛ አጥቢያ የሚፈጩት የወር አበባቸው የቆመ እናቶች ናቸው፤ በድንጋይ ወፍጮ፣ በገዛ እጃቸው። ክብሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ከእነሱ ጋር የተቀመጠች ሴት መንደሩ ሁሉ ይነሣላታል።

“ሐኪሙ አጥንትዎ ሳስቷል አላቸው፤” አለች ቤዚ። “የሆርሞን ምትክ ሕክምና ይጀምሩ ቢላቸው አሻፈረኝ ብለው ወጡ። መምህርት፣ እባክዎ እርስዎ ይፍረዱን።”

“የወር አበባዎ በስንት ዓመትዎ ነው የቆመው?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“በሠላሳ ሰባቴ። ስምንት ዓመት ሆነው።”

ደነገጥኩ። ሠላሳ ሰባትና ስምንት አርባ አምስት! እኔ ሃምሳ ሁለቴ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አንቱ እያልኩ ከመቀመጫዬ የምነሣላቸው ሴት ለካ በሰባት ዓመት ታናሼ ናቸው! ከአሮጊቶች ጋር ስለሚውሉ ብቻ እኔም አሮጊት አድርጌያቸው ኖርኩ። አስተማሪ ተብዬ!

ቤዚ ቀጠለች፤ በትሕትና፣ ግን ሳትለቅ። “አክስቴ፣ የሴት አካል እስከ ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆርሞኑን ያመነጫል። አጥንትን የሚያጠነክረው እሱ ነው፤ ልብንም ይጠብቃል። የእርስዎ ቀድሞ ቆመና አጥንትዎ ስምንት ዓመት ያለ ስንቅ ኖረ። ያ በየሰዓቱ የሚያጠምቅዎት ላብስ?”

“እሱማ ወባ ነው።”

“ስንት ጊዜ ተመረመሩ?”

“ኧረ ተቆጥሮም አያልቅ። ጣቴን ወግተው ወግተው ‘ወባ የለብዎትም’ ይሉኛል። መሣሪያቸው አይረባም።”

ሳቄ አመለጠኝ። በእኛ አገር ያላበው ሁሉ ወባ ይዞታል፤ ወባ ካልሆነም ሙቀቱ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን እኔም አምና ያው ላብ ሲጀምረኝ መጀመሪያ የሮጥኩት ለወባ ምርመራ ነው። መሳቅ አልነበረብኝም።

ወይዘሮ እታለም አልሳቁም። “ካንሰር ያመጣል ይባላልሳ?”

“ያ ስጋት በብዛት የሚነሣው በጊዜያቸው ላረጡና መድኃኒቱን ለረጅም ዓመት ለሚወስዱት ነው፤” አለች ቤዚ። “ ለእርስዎ የሚሰጠው አካልዎ በዚህ ዕድሜ ራሱ ሊሠራው ይገባ የነበረውን ነው፤ ጥቅሙ ያመዝናል። ቢሆንም ዝም ተብሎ ከፋርማሲ ተገዝቶ አይዋጥም። ሐኪሙ ግፊትዎን የለካው፣ ጡትዎን የመረመረው፣ ደም ረግቶብዎት ያውቃል ወይ ያለው ለዚሁ ነው። ዘገየ ተብሎም አይተውም፤ የቀረውን አጥንት እናድን ነው የምንለው።”

“መዘግየቱን አይደለም የፈራሁት፤” አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። “ልጅ እንደተመኘሁ ቆመብኝ። ባሌም በዚሁ ጥሎኝ ሄደ። ያኔ እማሆይ ወርቂቱ ቤቴ ድረስ መጥተው ‘ነዪ፣ ከእኛ ጋር ፍጪ’ አሉኝ። ከሰው እኩል ቀና ያልኩት ከዚያ ወዲህ ነው። አሁን ደሜን መልሳችሁ ከወፍጮው ልታስነሡኝ? ሌላ ምን አለኝ?”

እኛ ስለ አጥንት ስንከራከር እሳቸው ስለ ቦታቸው ነው ለካ የሚጨነቁት። እኛ የተማርን ነን ባዮች የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የሰውን ፍርሃት ሳንጠይቅ ምክር እናዘንባለን።

ቤዚ ተጠግታ ደህናውን እጃቸውን ያዘች። “ይህን ለምን ለሐኪሙ አልነገሩትም፣ እናቴ? አወሳሰዱ አንድ ብቻ አይደለም። በየወሩ ደም የሚያመጣ አለ። ሁለት ዓይነት ሆርሞን በየቀኑ ሳይቋረጥ የሚወሰድበት ደግሞ አለ፤ በሱ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ወራት ጠብ ጠብ ሊል ይችላል፣ ከዚያ በአብዛኛው ይቆማል። ካልቆመ ሐኪሙ ያየዋል። አልዋሽዎትም፤ እነዚያን ወራት ከወፍጮው ይርቃሉ።”

“ጥቂት ወራት ብቻ?”

“ያም ሆነ ይህ በዚህ እጅ መጅ ሊያነሡ ኖሯል?” አልኩ እኔ። “ዘንድሮ የእጅ አንጓ ነው። ነገ ዳሌዎ ቢሰበር ወፍጮው ዘንድ ማን ያደርስዎታል?”

ጄሶውን አዩት። “አይ አንቺ አስተማሪ! ነገረኛ ነሽ” ብለው ሳቁ። ከዚያም ወደ ቤዚ ዞረው “ነገ እንመለስና ለሐኪሙ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ” አሉ።

ዋሊድ ጎማውን ገጥሞ ሲያበቃ “እማማ፣ ይግቡ” አላቸው።

“እማማ አትበለኝ፤ አርባ አምስቴ ነው!”

“ወላሂ?” አለ ዋሊድ፤ እስከ መንደራችን ድረስ በመስታወቱ ሲያያቸው ሄደ።

እማሆይ ወርቂቱ ነገሩን ሲሰሙ “ቦታሽ የትም አይሄድ፤ ድነሽ ነዪ” አሏቸው። መድኃኒቱ አሶሳ ጠፍቶ ቤዚ ከአዲስ አበባ አስመጣችው። የመጀመሪያውን ሁለት ወር ደሙ ጠብ እያለ አስለቀሳቸው፤ በአራተኛው ቀጥ አለ። ላቡ ተዋቸው። ሙሉ ሌሊት መተኛት ጀመሩ፤ ቶሎ ቶሎ ይነሣባቸው የነበረው ንዴትም በረደ። የተሰበረው እጃቸው ገጠመ፤ ቀሪው አጥንታቸው ደግሞ እንዳይሳሳ መድኃኒቱን እስከ ሃምሳ ዓመታቸው ገደማ ይወስዳሉ፣ በእግራቸውም ይሄዳሉ፣ ሐኪሙም በየጊዜው ያያቸዋል።

በጥር ስንዴ ይዤ ስሄድ ከወፍጮው ፊት አገኘኋቸው። በዚያው ቀን አንዲት የሠላሳ አራት ዓመት ጎረቤታችን መጣችና የወር አበባዋ ከቆመ ዓመት እንዳለፈው አንገቷን ደፍታ ተናገረች። እናቶቹ “እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ፣ ነዪ ተቀመጪ” እያሉ ቦታ ለቀቁላት።

ወይዘሮ እታለም መጁን አስቀምጠው ተነሡ። የእጃቸውን ዱቄት አራገፉና ልጅቷን በትከሻዋ ያዟት።

“ይህን ቦታ እኔ እጠብቅልሻለሁ፤ ማንም አይነካብሽም። መጀመሪያ ግን ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። እኔን ስምንት ዓመት ሙሉ ማንም እንዲህ አላለኝም።”